ታፕ ዳንስ ለጀማሪ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ዶሮ ወጡ

ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ዳንስ ትምህርት ቤት አድርሼ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃት ነበር። እሷ የምትማረው ባሌት ነው። ከጎን ካለው ክፍል ግን ሌላ ነገር ይሰማል። ከበሮ የሚለማመዱ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ ወደ ውስጥ ሳይ ከበሮ የሚባል ነገር የለም። በእኔ ዕድሜ ያሉ ስምንት ሰዎች ያን ሁሉ የሚመቱት በጫማቸው ነው። ታፕ ዳንስ ይሉታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘጠነኛው እኔ ሆንኩ።

ያኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ታፕን እንደ ዳንስ ብቻ ከጀመራችሁት ትቸገራላችሁ። እግሬ ምን ይመስላል እያላችሁ መስታወት ላይ ስታፈጡ ስድስት ወር ያልፋል። ከበሮ ልማር ነው ብላችሁ ከጀመራችሁ ግን ቶሎ ይገባችኋል። እግራችሁ መምቻው ነው፣ ወለሉ ከበሮው። ስለዚህ ከጆሮ እንጀምራለን፣ እግር በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ከየት እንደመጣ

ታሪኩን ዝለሉት የሚል ሰው አትስሙ። እርምጃዎቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ የሚገባችሁ በታሪኩ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1739 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ስቶኖ ወንዝ አጠገብ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን አመጹ። ሲዘምቱ ከበሮ እየመቱ ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ በ1740፣ የወጣው ሕግ ከበሮንና ጥሩንባን ከለከለ። ባለርስቶቹ ከበሮ መልእክት እንደሚያስተላልፍ ገብቷቸዋል። እጅ ግን ይጨበጭባል፣ ጭን ይመታል፣ እግርም ወለል ይረግጣል። ጁባ የሚባለው ጭፈራ እንዲህ ሰውነትን ከበሮ ያደረገ ነው።

በሌላ በኩል የአየርላንድ ስደተኞች ጂግ የሚባለውን ጭፈራቸውን፣ የእንግሊዝ ላንካሸር ሠራተኞች ደግሞ የእንጨት ጫማ ጭፈራቸውን ይዘው አሜሪካ ገቡ። ሁለቱ ወገን የተገናኘው ድሃ ከድሃ ጋር ተጨናንቆ በሚኖርበት ሰፈር ነው። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው የኒው ዮርኩ ፋይቭ ፖይንትስ ነው። ማስተር ጁባ በሚል ስም የታወቀው ጥቁር ወጣት ዊልያም ሄንሪ ሌን በ1840ዎቹ ከአይሪሹ ጆን ዳይመንድ ጋር በውርርድ የተፎካከረው በዚያ ዘመን ነው። በ1848 ለንደን ሄዶ ተመልካቹን ጉድ አሰኝቷል። ታፕ እንግዲህ እዚያ ላይ ተቦካ። እየጋገሩት ያሉት ግን እስከ ዛሬ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ እንጀራ ፍለጋ ስንት ጊዜ የተመላለስንበት የዩ ስትሪት አካባቢ ድሮ፣ በኒው ዮርኩ የቲያትር ሰፈር ስም፣ “ጥቁር ብሮድዌይ” ይባል ነበር። ሃዋርድ ቲያትር በ1910፣ ሊንከን ቲያትር በ1922 የተከፈቱት እዚያው ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገውም እዚያው ሰፈር ነው። የእኛ ሰው ምግብ ቤት የከፈተው ታፕና ጃዝ በነገሡበት መንገድ ዳር መሆኑን ያወቅኩት ጫማውን ካደረግኩ በኋላ ነው።

ጫማ

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ትምህርቶች ጫማ አትግዙ። ጠንካራ የቆዳ ሶል ያለው ተራ ጫማ ይበቃል። ስፖርት ጫማ ግን አይሆንም። ጎማው ወለሉን ይይዛል፣ ጉልበትም ይጠመዘዛል።

ስትገዙ በክር የሚታሰር፣ ተረከዙ ዝቅ ያለ፣ ሶሉ ጠንከር ያለ ይሁን። በእያንዳንዱ ጫማ ሥር ሁለት ብረት አለ፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ተረከዙ ላይ። ድምፁ የሚወጣው ከእነሱ ነው። ብረቱ በሙጫ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ ተዉት፣ በብሎን የታሰረውን ምረጡ። ብሎኑ ሲላላ ብረቱ ይንሿሿል፣ ብሎኑ ከወጣ ደግሞ ወለሉን ይቧጭራል። ትንሽ ካቻቢቴ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። አንዳንድ ጎበዞች ድምፁ እንዲለይ ብለው ሆን ብለው ትንሽ ያላሉታል። እሱ ለእናንተ ገና ነው።

ለልጅ ስትገዙ ደግሞ “ታድግበታለች” የምንለውን ነገር እርሱት። ዩኒፎርም ላይ ያዋጣል፣ ታፕ ላይ ግን አያዋጣም። ጫማው ሰፊ ከሆነ እግሩ ሌላ ብረቱ ሌላ ይናገራል። እኔ ለራሴ በቅናሽ አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዝቼ ለሁለት ወር ጥፋቱ የእኔ እየመሰለኝ ተሠቃይቻለሁ።

ወለል

ሲሚንቶ ላይ በፍጹም። ሴራሚክ ላይም አይሆንም። ያንሸራትታል፣ ይሰነጠቃል፣ ከሁሉም በላይ ግን ምንም ስለማይለመጥ ንዝረቱ በሙሉ ወደ ባትና ወደ ጉልበት ይመለሳል። ጥሩ የዳንስ ክፍል ወለሉ እንጨት ነው፣ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ ክፍተት ወይም ስፖንጅ አለ።

ቤት ውስጥ ግን ቀላል መፍትሔ አለ። አናጢ ቤት ሄዳችሁ በግምት 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ኮምፔንሳቶ አስቆርጡ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አስፍቁት። ከሥሩ አሮጌ ምንጣፍ አጥፋችሁ አንጥፉ። አለቀ። አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነ ከታች ያሉትን ሰዎች አስቀድማችሁ አናግሩ። እኔ ሳልናገር ጀምሬ፣ ከሥር ያሉት ሴትዮ ኮርኒሳቸውን በመጥረጊያ እንጨት እየመቱ መልሰውልኛል። ምታቸው ከእኔ ይሻል ነበር።

ጆሮን ማዘጋጀት

ጫማ አውልቁ። ወንበር ላይ ተቀመጡ። በስልካችሁ ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መተግበሪያ) አውርዱና በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። አሁን ጭናችሁን በሁለት እጃችሁ፣ ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ እያላችሁ ምቱ።

አስተማሪዬ በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ምላሴ ይተሳሰርብኝ ነበር። ቤት ስገባ ኩሽናችን ውስጥ የራሴን ቁጥር ፈጠርኩ። በአንድ ምት ውስጥ ሁለት ድምፅ ከሆነ “ሽሮ” በሉ። ሦስት እኩል ድምፅ ከሆነ “በርበሬ”። አራት ከሆነ “ዶሮ ወጡ”። እያላችሁ ምቱ። አራት ጊዜ ሽሮ፣ አራት ጊዜ በርበሬ፣ አራት ጊዜ ዶሮ ወጡ። ሜትሮኖሙ አይፈጥንም፣ ቃሉ ነው የሚጠጋጋው። መሳቁ አይቀርም፣ ግን ይሠራል።

“በርበሬ” ላይ የእኛ ሰው አይቸገርም። የችክችካ ምት 6/8 ነው፣ ምቱ ለሦስት ይከፈላል። ሰርግ ላይ ያጨበጨበ ሁሉ በደሙ ያውቀዋል። ታፕ የተመሠረተበት ስዊንግም ምቱን ለሦስት ነው የሚከፍለው፣ ከሦስቱ ግን የመካከለኛውን ይውጠዋል። “በር…ሬ፣ በር…ሬ” በሉት። ረጅም አጭር፣ ረጅም አጭር። ይህች መወዛወዝ ከሌለች እርምጃው ሁሉ ትክክል ሆኖም ታይፕራይተር ይመስላል።

አንድ ሳምንት እንዲሁ ብቻ ተቀምጣችሁ ምቱ። ሰው ይሰለቸዋል፣ አውቃለሁ። ግን ይህን የዘለሉት ሰዎች ከዓመት በኋላ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ።

አቋም

አሁን ቁሙ። ጉልበት ትንሽ ዘና ይበል። ክብደታችሁን ከጣቶቻችሁ ሥር ባለው ወፍራም የውስጥ እግር ክፍል ላይ አድርጉ፣ ተረከዙ ወለሉን ነካ አልነካ እንዲል። ዓይን ወደ ፊት። እግራችሁን ማየት ያምራችኋል፣ አትዩ፣ ስሙት።

ቁልፉ ቁርጭምጭሚት ነው። ታጥባችሁ ፎጣ ስታጡ እጃችሁን እንደምታራግፉት አድርጋችሁ እግራችሁን አራግፉ። ያ ልቅነት ነው የሚፈለገው። ጀማሪ ሁሉ ከጭኑ ይወረውራል፣ ኳስ የሚመታ ይመስላል። ትልቅ እንቅስቃሴ ዘገምተኛ ነው። ትንሽ ይሁን።

ትከሻ ደግሞ ለእኛ ልዩ ፈተና ነው። እስክስታ ላይ ምቱን የሚሸከመው ትከሻና አንገት ነው። ታፕ ላይ ምቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይኛው አካል ዝም ይላል። የእኔ ትከሻ ሙዚቃ ሲሰማ እግሬን አይጠብቅም ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን በጣም ወደዱት።

ነጠላ ድምፆች

ቃላቱን በእንግሊዝኛ ስማቸው ተማሩ። ዓለም ላይ ያለ የታፕ ክፍል በአብዛኛው የሚጠራቸው እንዲሁ ነው።

ብራሽ ማለት የጫማው ፊት ወደ ፊት ሲሄድ ወለሉን መጥረግ ነው። ስፓንክ የዚያ ተቃራኒ ነው፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ይመታል። ሁለቱም ላይ ክብደት አያርፍም። ስቴፕ ደግሞ በፊተኛው ብረት መርገጥና ክብደትን ወደዚያ እግር ማዛወር ነው። ሂል ድሮፕ ላይ ጣታችሁ ወለሉ ላይ እንዳለ ተረከዛችሁን ትጥላላችሁ። ስታምፕና ስቶምፕ የሚባሉ ሁለት የሚያሳስቱ ቃላት አሉ። ሁለቱም በሙሉ እግር መርገጥ ናቸው። ስታምፕ ላይ ክብደት ያርፋል፣ ስቶምፕ ላይ እግሩ ወዲያው ይነሳል። ይህን ያላጣራ ሰው መሀል ላይ የተሳሳተ እግር ይዞ ይቀራል።

እያንዳንዱን በአንድ እግር ስምንት ጊዜ፣ በሌላው ስምንት ጊዜ። ግራ እግራችሁ ሰነፍ መሆኑን ያኔ ታውቃላችሁ። ሰነፉን እግር ሁለት እጥፍ አሠሩት።

ማያያዝ

ብራሽና ስፓንክ ሲያያዙ ሻፍል ይባላሉ። ሁለት ድምፅ፣ ስለዚህ ሽሮ። እግሩ አየር ላይ ይቀራል። በዚያው እግር ስቴፕ ስትጨምሩበት በርበሬ ሆነ። ሻፍል ስቴፕ በቀኝ፣ ሻፍል ስቴፕ በግራ፣ ይህን ክፍሉን እየዞራችሁ ማድረግ ከቻላችሁ ታፕ ጀምራችኋል።

ፍላፕ ብራሽና ስቴፕ ነው። ይህም ሽሮ ነው፣ ግን ክብደት ያርፍበታልና ወደ ፊት ትሄዱበታላችሁ። ሁለቱ ድምፆች እንዳይጨፈለቁ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው ፍላፕ ሲል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ቦል ቼንጅ ፈጣን የክብደት ልውውጥ ነው፣ በአንዱ እግር ፊት ትረግጡና ወዲያው ወደ ሌላው ትመለሳላችሁ። ሻፍል ቦል ቼንጅ ስንል አራት ድምፅ፣ ዶሮ ወጡ።

ከዚያ ክራምፕ ሮል አለ፦ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት፣ ቀኝ ተረከዝ፣ ግራ ተረከዝ። ፈረስ ሲጋልብ ይመስላል። ፓድል ኤንድ ሮልም አራት ድምፅ ነው፣ እዚህ ግን አራቱም ከአንድ እግር ይወጣሉ፦ የተረከዙን ጠርዝ መውጋት፣ ፊቱን ወደ ኋላ መጥረግ፣ በፊቱ መርገጥ፣ ተረከዙን መጣል። ከዚያ ሌላው እግር። እኔ የምወደው እሱን ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ቆማችሁ፣ አውቶቡስ እየጠበቃችሁም ቢሆን ማድረግ ትችላላችሁ። ሰው ሊያያችሁ ይችላል እንጂ።

ልምምዱ በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፣ በየቀኑ ከሆነ። በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከምትሞቱ ይሄ ይሻላል። ሜትሮኖሙን ከፍ የምታደርጉት ቀኝና ግራ አንድ ዓይነት ሲሰሙ ብቻ ነው። አንድ ዘዴ ልስጣችሁ፦ ስልካችሁን ቪዲዮ ሳይሆን ድምፅ ብቻ እንዲቀዳ አድርጋችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት። ቪዲዮ ያታልላል፣ ፈገግታችሁን ታያላችሁ። ድምፅ አይዋሽም። ባታችሁ ወይም የቅልጥማችሁ ፊት ከታመመ ግን አቁሙ፣ ሁለት ሦስት ቀን አርፋችሁ ተመለሱ።

የትኛው ዓይነት ታፕ?

ክፍል ከመመዝገባችሁ በፊት ምን ዓይነት ታፕ እንደሚያስተምሩ ጠይቁ። ስሙ አንድ ሆኖ ነገሩ ይለያያል።

ብዙ ሰው የሚያውቀው የብሮድዌይና የሆሊዉዱን ነው። ሩቢ ኪለር በ1933ቱ ፊልም “42ኛው ጎዳና”፣ ከዚያ ፍሬድ አስቴር፣ ኤሊነር ፓወል፣ ጂን ኬሊ። እጅ ይዘረጋል፣ ሰውነት ይሽከረከራል፣ ፈገግታ አይጠፋም። የልጆች ክፍል ብዙ ጊዜ ይህ ነው። አልንቀውም፣ ፓወልን ያየ ሰው አይንቅም። ግን እዚህ ላይ ዓይን ይቀድማል።

ከዚያ በፊት ቢል ሮቢንሰን ነበር፣ ቦጃንግልስ የሚሉት። በ1878 ሪችመንድ ቨርጂኒያ ተወለደ። የእንጨት ሶል ባለው ጫማ፣ በእግሩ ፊት ብቻ፣ ቀጥ ብሎ፣ ደረጃ እየወጣና እየወረደ ይመታ ነበር። እያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ድምፅ አለው። የልደት ቀኑ ሜይ 25 በ1989 በአሜሪካ ብሔራዊ የታፕ ዳንስ ቀን ተብሏል። ሪችመንድ ከሄዳችሁ ጃክሰን ዋርድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ሐውልቱን ታገኙታላችሁ። የቆመው፣ ልጆች መንገድ ሲሻገሩ ተቸግረው አይቶ በራሱ ገንዘብ የትራፊክ መብራት ባስተከለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው።

ነገሩን የገለበጠው ጆን በብልስ ነው። ቦጃንግልስ በፊት እግር ሲመታ፣ በብልስ ተረከዙን ጣለ፣ ምቱንም ቀዝቀዝ አደረገው። ተረከዝ ሲጨመር ባስ ተጨመረ ማለት ነው። ምቱ ሲቀዘቅዝ በመሀሉ ብዙ ነገር ለመናገር ቦታ ተገኘ። ሪዝም ታፕ የሚባለው ከዚህ ነው የወጣው። በኒው ዮርኩ ሃርለም ሰፈር ውስጥ ሁፈርስ ክለብ በሚባለው ክፍል ሰዎቹ ሌት ተቀን ይወዳደሩ ነበር። የሌላውን እርምጃ እንዳለ መድገም ነውር ነበር፣ የራስህን ነገር ሳትጨምርበት አይሆንም። ባህሉ በጂሚ ስላይድ፣ በግሪጎሪ ሃይንስ አልፎ ሴቪየን ግሎቨር ጋ ደረሰ፣ እሱም በ1996 በኮሪዮግራፊ (ዳንስ በመቀመር) ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሴቶች ከፊት ናቸው። ሚሼል ዶራንስ በ2015 የማካርተር ሽልማት አግኝታለች።

ክላስ አክት የሚባለው ደግሞ ሽክ ያለ ሱፍ ለብሶ፣ ቀስ ብሎ፣ ላብ ሳያሳዩ መጨፈር ነው። ሃኒ ኮልስና ቾሊ አትኪንስ አይተኬ ናቸው። አትኪንስ በኋላ ሞታውን የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ገብቶ ዘፋኞቹን እንቅስቃሴ አስተምሯል። ፍላሽ የሚባለው አክሮባት ያለበት ነው። የኒኮላስ ወንድማማቾች በ1943 ፊልም ላይ ትልልቅ ደረጃዎችን አንዱ በሌላው አናት እየዘለሉ፣ እግራቸውን ከፍተው እያረፉ ሲወርዱ የታዩት ነገር አሁንም አፍ ያስይዛል። ተመልከቱት፣ አትሞክሩት።

በ1994 ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላይ የታየው ሪቨርዳንስ ታፕ አይደለም። የአየርላንድ ጭፈራ ነው፣ የአክስት ልጅ በሉት።

ለጀማሪ የምመክረው ሪዝም ታፕን ነው። ጆሮ የያዘ ሰው በኋላ እጁን መዘርጋት ይማራል። ተገላቢጦሹ ግን ይከብዳል።

ሺም ሻም

የመጀመሪያ ሙሉ ጭፈራችሁ ይህ ይሁን። በ1920ዎቹ ሊዮናርድ ሪድና ዊሊ ብራያንት የፈጠሩት ነው። 32 ባር አለው (አንድ ባር አራት ምት ነው)፣ አራት ክፍል፣ እያንዳንዱ 8 ባር። በመጀመሪያው ክፍል አንድ እርምጃ ሦስት ጊዜ ይደገማል፣ ከዚያ ብሬክ የሚባል ማሳረጊያ ይመጣል። የታፕ ሰዎች ሲሰበሰቡ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተነስቶ አብሮ የሚመታው እሱን ነው። ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ዝነኛው፣ ትናንት የጀመረው፣ ሁሉም።

የመጀመሪያውን ክፍል አሁን ታውቁታላችሁ። ሻፍል ስቴፕ በቀኝ፣ ሻፍል ስቴፕ በግራ፣ ሻፍል ቦል ቼንጅ በቀኝ፣ እንደገና ሻፍል ስቴፕ በቀኝ። ከዚያ በግራ ጀምሮ ያው። ቃላቱ እዚህ ቀስ ይላሉ፣ እያንዳንዱ ቃል ሁለት ምት ይይዛል። ከእያንዳንዱ “በርበሬ” በኋላ የአንድ ድምፅ ዝምታ አለች። “ዶሮ ወጡ” ላይ የለችም። ጀማሪ ያችን ዝምታ ይበላታል፣ ከሙዚቃውም የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ቀሪዎቹን ሦስት ክፍሎች አስተማሪ ያሳያችሁ፣ በጽሑፍ ከምነግራችሁ በዓይን ማየት ይቀላል። ግን አንዱን ብቻ ይዛችሁም ቢሆን ሲጠሩ አትቀመጡ። ኋለኛው ረድፍ ላይ ቁሙ፣ የጠፋባችሁ ቦታ ላይ አጨብጭቡ፣ መጀመሪያው ሲመለስ ግቡ። ምቱ የሚቆጠረው ከ1 እስከ 8 ነው፣ የሚገባው ግን 1 ላይ ሳይሆን ከእሱ በፊት ባለው 8 ላይ ነው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ በርበሬ፣ በርበሬ፣ ዶሮ ወጡ፣ በርበሬ።